ኒካ ሳይታሰር የተቆረጠው ክር

ክር ያለው የስፌት መኪና ድምፅ አንድ ነው፣ ክሩ የተበጠሰበት ደግሞ ሌላ ነው። ክር ሲኖረው የጠገበ በሬ እንደሚያመሰኳ ወፈር ብሎ፣ ረጋ ብሎ ይሄዳል፤ ክሩ ሲበጠስ ግን መርፌዋ ባዶዋን ወጥታ ባዶዋን ትገባለች፣ ድምፁም ይሳሳና ብርድ የያዘው ሰው ጥርስ ይመስላል። ይህን የባዶውን ድምፅ ከአስር ሶላት በኋላ ግድግዳ ተደግፌ ስቀመጥ እሰማዋለሁ። ቤቴ ውስጥ የስፌት መኪና የለም፣ ጎረቤቶቼም የላቸውም። ልጆቼ «አባባ፣ ጆሮህ ነው፣ ሐኪም ይየው» ይሉኛል፤ እኔ ግን አልሄድም፣ ጆሮዬ ደህና ነው። የማን መኪና እንደሆነ አውቃለሁ። የእናቴ ነው፣ እሷም ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ የማውቀውንም ፊደል ግማሹን የለመድኩት ከእናቴ ጥልፍ ላይ ነው። ስለዚህ አሳምሬ አላወራም፣ የሆነውን ግን አላጎድልም።

ቤታችን ከሚሴ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ወደ ቦርከና በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነበር። አባቴ ጨፋ ሸለቆ ላይ መሬት ስለነበረው ማሽላው ከተዘራ ጀምሮ እስኪታጨድ እዚያው ወፍ ሲጠብቅ ይከርም ነበር፣ ቤቱ የእናቴና የመኪናዋ ነበር ማለት ነው። መኪናዋን አባቴ ከባቲ ገበያ ያመጣት ናት፤ ከኛ በፊት ማን እንደሰፋባት አላህ ይወቀው፣ አንገቷ ላይ የነበረው የወርቅ ቀለም ታሽቶ አልቆ ጥቁር ብረቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። በእግር የምትረገጥ ነበረች። እናቴ ዘሀራ በሩ አጠገብ ብርሃን ባለበት ታስቀምጣትና፣ ሻሽዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ ቀኑን ሙሉ ትረግጣት ነበር።

ክረምት ሲገባ ቦርከና ሞልቶ የወዲያ ማዶና የወዲህ ማዶ ሰው አይገናኝም ነበር፤ ሴቶቹም ውኃው እስኪጎድል ከቤት እየዋሉ ለመኸር ሰርግ የሚሆነውን ልብስ የሚያሰፉት በዚያ ጊዜ ነበር። የአልጋ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ መሐረብ ይዘው በጭቃው እየተንሸራተቱ ይመጣሉ፣ ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፦ የሙሽራውና የሙሽሪት ስም መጀመሪያ ፊደል፣ ሁለቱ ተቆላልፈው። እናቴ ይህን የምትሠራበት መኪና ለቀጥታ ስፌት የተሠራ እንጂ ለጥልፍ አልነበረም። ስለዚህ ጨርቅ የምትጫነዋን ብረት ትፈታለች፣ ከሥር ጨርቁን የሚስቡትን ጥርሶች በቆርቆሮ ቁራጭ ትከድናቸዋለች፣ ከዚያ ጨርቁን ከአሮጌ ወንፊት በተቆረጡ ሁለት ክብ እንጨቶች መሀል እንደ ከበሮ ወጥራ፣ በእግሯ እየረገጠች ክቡን በሁለት እጇ ወዲያና ወዲህ ታስኬደዋለች። መርፌዋ ባለችበት ቆማ ትወጋለች፣ የሚሄደው ጨርቁ ነው። እጇ ትንሽ ቢዘገይ ክሩ ይቋጠራል፣ ቢፈጥን መርፌዋ ትሰበራለች። እስካሁን እንደሷ ያለ እጅ አላየሁም፣ ይህን የምለው እናቴ ስለሆነች አይደለም።

ፊደል ግን አታውቅም ነበር። እኔ ነበርኩ ጸሐፊዋ። ከአስኳላ ስመለስ በኮፒያ እርሳስ ጨርቁ ላይ እስልላታለሁ፤ ኮፒያ ደግሞ በምራቅ ካልራሰ አይጽፍም፣ ስለዚህ ምላሴ ከክረምት እስከ ጥር ሐምራዊ ሆኖ ይቆይ ነበር። የሰፈር ልጆች «አሊ የሬሳ ምላስ!» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። እናቴ ፊደሎቹን በመልካቸው ነበር የምትጠራቸው። «በ»ን «በሯ» ትላታለች፣ «ለ»ን «እግረ ሰፊዋ»፣ «መ»ን ደግሞ፣ ሁለት ክብ ጎን ለጎን ስለሆነች፣ «ባለዓይኗ»። አንዲት የወረዳ ጸሐፊ ሚስት መጥታ «መ እና በ» ስትላት እናቴ ወደኔ ዞራ «አልዬ፣ ባለዓይኗን በበሯ አስገባልኝ» ብላኝ ሴትዮዋ እንባዋ እስኪመጣ ስቃለች።

አንድ ሕግ ነበር። ይህን በደንብ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። የሙሽሮቹ ሁለት ፊደል በአንድ ክር፣ ሳይቋረጥ ይሰፋል፤ ሲያልቅ ግን የክሩ ጫፍ አይቆረጥም። አንድ ስንዝር ያህል ተለቆ ተጠቅልሎ ሳጥን ይገባል። የሰርጉ ቀን ወንዶቹ ዘንድ ኒካው፣ የጋብቻው ቃል ኪዳን፣ ሲታሰር፣ አንድ ሰው ሮጦ ሴቶቹ ጋ መጥቶ «ታሰረ!» ይላል፣ ያኔ የሰፋችው ሴት በእልልታ መሀል መቀስ አንስታ ትቆርጠዋለች። ከዚያ በፊት መቁረጥ ነውር ነበር። አንድ ቀን እናቴን ለምን እንደሆነ ብጠይቃት መርፌዋን ሳታቆም «አላህ ያልጨረሰውን እኛ ጨርሰናል ማለት ደግ አይደለም፣ ልጄ» አለችኝ። የሰፈራችን ሼህ ይህን ሲሰሙ «ክር ምን ያመጣል፣ ሁሉም ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። እኔም ዛሬ ድረስ እንደሳቸው እላለሁ። ማለት ሌላ፣ መተኛት ሌላ ሆነብኝ እንጂ።

ታላቅ እህቴ ሉባባ ትባል ነበር፣ እኔ እታለም ነበር የምላት። እናቴ መኪናው ላይ ስለምትውል ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አዝላኛለች፣ አጉርሳኛለች፣ ሌሊት የምንተኛውም በአንድ መደብ፣ በአንድ ትራስ ነበር። ትራሱ የጤፍ ገለባ ስለነበረበት ስትገላበጥ ይንኮሻኮሻል፣ እኔ ያን ድምፅ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም ሲጠባ ሙሄ የሚባል ልጅ ለእታለም ሽማግሌ ላከ። የባቲ ልጅ ነበር፣ ወይፈን ከባቲ ገዝቶ ጨፋ ሣር ላይ እያሰባ የሚሸጥ፣ ረጅም፣ ሳቂታ። ከደጅ ጀምሮ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ፣ ያ ወረ መና!»፣ ቤተሰቦች እንዴት ናችሁ፣ እያለ ነበር የሚገባው፣ ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ብኖር እንኳ እንደዚያው። የሰርጉን የትራስ ጨርቅ፣ ነጭ ፖፕሊን፣ እሱ ነው ያመጣው፤ ጨርቁ ከወንዱ ወገን፣ ጥልፉ ከሴቷ ወገን ነበር ወጉ። ለሁለት ትራስ የሚበቃ ነበር። እናቴ አረንጓዴ ክር መረጠች። እኔ ሉን እና ሙን አቆላልፌ ሳልኩ፤ ሉ እጇን ዘርግታ ሙ ደግሞ በሁለት ዓይኗ እያየቻት።

«ሼህ አሊ!» አለኝ ሙሄ፣ በላዬ ጎንበስ ብሎ እያየ፣ «የኔ ፊደል ሁለት ዓይን አላት አሉ። አንዱን እንዳታጠፋብኝ አደራ፣ በአንድ ዓይን አይቼ እታለምህን አልጠግባትም!»

«አቦ ተወው ልጁን፣ ይቆጣል» አለች እህቴ ከጓዳ።

እኔም ተቆጥቼ ሐምራዊ ምላሴን አወጣሁበት።

«ያ ረቢ!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ፣ «ቀለም የጠጣ ሼህ! ዘሀራ፣ ይኼ ልጅ የቁርአን ሰሌዳውን ቀለም አጥቦ ጠጥቶታል!»

እናቴ በሻሽዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ተምር አምጥቶልኝ ነበር፣ አልቀበልም ብዬ ወረወርኩት፤ ሲሄድ ግን አንድ በአንድ ለቅሜ ከመኪናው ጀርባ ተደብቄ በላሁት። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። ክፉ አልነበረም።

ኅዳር ላይ ማሽላው ሲታጨድ ሁለቱ የትራስ ልብሶች አልቀው፣ ክራቸው እንደተንጠለጠለ፣ ቅርንፉድ ከተነሰነሰበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ታጥፈው ገቡ። ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። አንድ ማታ እራት እየበላን እህቴ «ባቲ ሩቅ ነው እማ?» አለች። እናቴም «በመኪና ግማሽ ቀን ነው፣ ምን ይርቃል? ዓረፋ ዓረፋ እየመጣሽ ትጠይቂናለሽ» አለቻት። እኔ ዓረፋ በዓመት ስንቴ እንደሆነ አውቅ ነበር። ያን ሌሊት ትራሱ ቢንኮሻኮሽም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በአዲሱ ትራስ ላይ የኔ ፊደል የለችም፣ የሷና የሱ ብቻ ናት፤ ደግሞ የሳልኳት እኔው ነኝ።

አንድ ጁምዓ ቀትር ላይ እናቴ አራስ ልትጠይቅ ወጣች፣ እህቴ ቦርከና ልብስ ልታጥብ ወረደች። ዕድሜዬ ዘጠኝ ቢሆን ነው። የሳጥኑ ቁልፍ በመኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከዘይቱ ጠርሙስ ጎን እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ከፈትኩ። ቅርንፉዱ አፍንጫዬን ወጋኝ። ኒካ ሳይታሰር ክር ከተቆረጠ አላህ ይቆጣል፣ ከተቆጣ ኒካው አይታሰርም፣ ካልታሰረ እታለም የትም አትሄድም፤ ያሰብኩት ይህን ነው፣ ከዚህ ያነሰም የበዛም አላሰብኩም። የላይኛዋን ብነካ ይታወቃል ብዬ የታችኛዋን ስቤ አወጣሁና በእናቴ ትንሿ መቀስ ክሩን ከሥሩ ቆረጥኩት። ጭጭ አለ። ሌላ ድምፅ የጠበቅሁ ይመስለኛል። የላይኛዋንም ልደግም ስል ፍየላችን በሩን ገፋችው፣ ደንግጬ ሁለቱን እንደነበሩ አጥፌ ዘጋሁት። የላይኛዋ ክር በቦታው እንደተንጠለጠለ ነበር፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የቆረጥኩትን ክር ከመኪናው በስተጀርባ ባለው የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ በጣቴ ገፍቼ ቀበርኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ሙሄ ሊሰናበት መጣ። የሰኞውን የባቲ ገበያ ውሎ፣ ከዚያ ወደ አሰብ ከሚወርድ የጭነት መኪና ጋር አብሮ ሄዶ፣ ለሰርጉ የሚሆን ዕቃ ይዞ ሊመለስ ነበር። እናቴ «ምነው ሰርጉ ሲደርስ መንገድ?» ብትለው «አብሽሪ ዘሀራ፣ አታስቢ፣ ወርም አይሞላኝ፣ ኢንሻ አላህ» አላት። ከጓሮ በኩል ነበር የመጣው፣ እህቴም በዚያው በኩል ወጥታ ነበር። ያ ቀን ከባድ ሙቀት ነበር፤ እሱ ግን የሸሚዙን እጅጌ እስከ እጁ አንጓ ቆልፎ እንደነበር ትዝ ይለኛል። የኔን ጭንቅላት በእጁ አሻሸና «ሼህ አሊ፣ እታለምህን ጠብቅልኝ» ብሎ ሄደ።

ጥር መጣ። በሰፈሩ ውስጥ ያሉት ሰርጎች አንድ በአንድ ተደረጉ፤ «ታሰረ!» እየተባለ እናቴ በየቤቱ እየተጠራች ክር ቆረጠች፣ እልልታው በቁልቁለቱ ላይ ይሰማን ነበር። ሙሄ አልመጣም። እህቴ የጭነት መኪና ሲያጓራ በሰማች ቁጥር ሥራዋን ትታ ዋናው መንገድ ድረስ ወጥታ ትመለስ ነበር። በልግ ሊዘንብ ሲያጉረመርም አንድ ሾፌር መጣና አሰብ ድረስ አብረው እንደሄዱ፣ ወደብ አጠገብ «ደርሼ መጣሁ» ብሎ እንደወረደ፣ ሁለት ቀን ጠብቀውት ትተውት እንደተመለሱ ነገረን። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። በጀልባ ዐረብ አገር ተሻግሯል ያለ አለ፣ ንዳድ ይዞት ሞቷል ያለ አለ። እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሬሳ ቢመጣ ይቀበራል፣ ያልመጣ ሰው ግን የት ይቀበራል?

እኔ ያኔ የሆንኩትን መናገር አልችልም። ምግብ አልወርድ አለኝ። እናቴ ወባ ነው ብላ ታጥነኝ ነበር። ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ያለው ክር የሚታይ እየመሰለኝ፣ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።

ግንቦት ላይ የሙሄ ወገኖች ከባቲ መጡ። ልጅቱ በማይታወቅ ነገር ታስራ እንዳትቀር ቃሉን ሊያነሱላት ነበር፣ ደግ ሥራ ነው። አጎቱና አክስቱ፣ ከኛ ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ቃሉ ሲነሳ ከወንዱ ወገን የመጣው ጨርቅ መመለስ ነበረበት፣ ስለዚህ እናቴ ሳጥኑን ከፍታ ሁለቱን የትራስ ልብሶች አውጥታ በሰዉ ፊት ዘረጋቻቸው።

ሁለቱም ክራቸው ተቆርጦ ነበር።

ሁለቱም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ነበር የቆረጥኩት።

አክስቲቱ ጨርቁን ከፍ አድርጋ ፊደሎቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «ምንድነው ይኼ? አንቺ ዘሀራ፣ ማነው የቆረጠው? ኒካው ሳይታሰር ማነው የቆረጠው?»

እናቴ ጨርቁን አየች። እህቴን አየች። እኔን አየች ወይ? አይታኝ ይሆናል፣ ዓይኔ መሬት ላይ ስለነበር አላውቅም። ከዚያ ቀኝ እጇን አንስታ እንደ ሰው ዕቃ ተመለከተችውና «እጄ ነው» አለች። «የለመደ እጅ ነው። ሳላውቀው ቆርጦታል።»

«ያ እጅሽ ልጃችንን ቆረጠብን» አለች አክስቲቱ። አጎትየው «ኧረ አላህን ፍሪ፣ ቀደር ነው» ቢላትም አልሰማችም። ጨርቁን ወደ እናቴ ገፋችው። «አንወስደውም። ከናንተው ጋር ይቅር።»

ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፣ «እኔ ነኝ» ማለት። እኔ ግትር ነኝ፣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ያን ዕለት ግን ግትርነት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ወጥቼ ቦርከና ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ዋልኩ።

ወሬው ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ከተማውን ዞረ። በዚያው ክረምት ውኃው ሲሞላ ከወትሮው በተለየ በራችን ጭቃ የረገጠ ሴት አልነበረም። አንዲት የእናቴ ባልንጀራ ብቻ መጥታ እያፈረች «ዘሀራዬ፣ አበባውን ስፊልኝ፣ ፊደሉ ይቅር፣ ልጅቷ ትፈራለች» አለቻት። እናቴ «አብሽሪ» ብላ አበባውን ሰፋችላት። ቀን ቀን ሥራ ሲጠፋ ግን መኪናው ላይ እንደለመደችው ትቀመጥና ክር ሳታስገባ፣ ጨርቅ ሳታደርግ፣ በሩን እያየች ትረግጣት ነበር። ያ ባዶ ድምፅ ይኸው ያ ነው። እህቴ ጓዳ ሆና ትሰማው ነበር፣ እኔ መደብ ላይ ሆኜ እሰማው ነበር። አስኳላውንም የተውኩት በዚያ ክረምት ነው፤ ኮፒያ እርሳስ መያዝ አልፈለግሁም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ እህቴ እዚያው ከሚሴ ውስጥ ሰይድ የሚባል ደህና ሰው አገባች፣ ቤቷም ከኛ ደጅ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ነበር። አያችሁ፣ የፈለግሁትን አገኘሁ። የትም አልሄደችም። ጨርቅ አይጣልምና እናቴ እነዚያኑ የትራስ ልብሶች አውጥታ ሙን በመርፌ ጫፍ እየነቀለች ፈታቻት፤ ክሩ አንድ ስለሆነ ሉም አብራ ተፈታች። በላዩ አዲስ ፊደል ሰፋች፣ ጨርቁንም ከነክሩ «ታሰረ!» እስኪባል ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ በጡቷ ሥር ይዛው ዞረች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ፊደል አልሰፋችም።

ፖፕሊን ግን አይረሳም። መርፌ የወጋው ቀዳዳ አይደፈንም። እኔ አድጌ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ጆንያ በወስፌ እየሰፋሁ፣ የባለቤቱን ፊደል በቀለም እየጻፍኩበት ቤተሰብ ሳሳድግ፣ በመስከረምና በጥቅምት ፀሐይ ከገበያ ስመለስ በእህቴ ደጅ ሳልፍ የትራስ ልብሱ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየው ነበር። ፀሐይ ከጀርባው ስትመታው፣ ከአዲሱ ጥልፍ ጎን፣ በጥቃቅን የብርሃን ነጥብ የተሠሩ ሁለት ክቦች ይታያሉ። ሁለት ዓይን። ነፋስ ሲነካው ጨፈን ገለጥ ይላሉ። መንገዴን ቀይሬ የሄድኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ደግሞም አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር፦ ሁለተኛዋን ማን ቆረጣት? አንዳንዴ፣ አስተግፊሩላህ፣ የቆረጠ ሰው የለም፣ የኔዋ ስትቆረጥ አብራ ተቆርጣለች እስከማለት እደርስ ነበር። አባቴ ሞቶ፣ እናቴም ሞታ አሮጌው ቤት ሲፈርስ፣ ያችን የግድግዳ ስንጥቅ በእጄ እየፈረፈርኩ ፈለግሁ። ክሩ አልነበረም። ምስጥ በልቶት ይሆናል።

አምና እህቴ ታመመች። ሰይድ ቀደም ብሎ ሞቶ ነበር፣ እኔ በየቀኑ እየሄድኩ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቿ ሲወጡ ጠብቃ፦

«አልዬ፣ የዚያች ትራስ ነገር...» አለችኝ።

«የምን ትራስ?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

«የሙሄ ነዋ። የላይኛዋን ክር እኔ ነኝ የቆረጥኳት።» ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። «ሊሰናበት የመጣ ዕለት ጓሮ አገኘሁት። ከሳጥኑ ቸኩዬ የላይኛዋን አነሳሁና ክሯን በጥርሴ በጥሼ በእጁ አንጓ ላይ አሰርኩለት። ኒካችን ሲታሰር ትፈታዋለህ አልኩት። እጅጌውን ቆለፈበት፣ እማ እንዳታይ። ምን አቸኮለኝ አልዬ? ልጅ ነበርኩ።»

«ቀደር ነው እታለም።»

«ቀደር ነው፣ አልሃምዱሊላህ። ግን እማን አስበው። ነገሩ ገብቷት ኖሯል። አንዷ ብቻ ተቆርጣ ብትገኝ የኔ ሥራ እንደሆነ ይታወቅ ነበር፣ በሰው ፊት አፍር ነበር። ስለዚህ የታችኛዋንም ራሷ ቆርጣ «እጄ ነው» አለችልኝ። ስሟን ሰጠችኝ፣ እንጀራዋን ሰጠችኝ። እኔ እንዲህ ተወድጄ ነበር እያልኩ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ጎኔን ያሳረፍኩት።»

አፌ ተከፍቶ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው የተቀመጠው ያው ቃል። ብናገረው እኔ ይቀለኛል። እሷ ግን ያን ትራስ፣ ሙሉ ዕድሜዋን ራሷን ያሳረፈችበትን፣ ከሥሯ ስቤ መውሰዴ ነው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

«ምን ልበል?»

«ድሮም ግትር ነህ፣ አንድ ቃል አይወጣህም» ብላ ፈገግ አለች። ውኃ ሰጠኋት፣ ትራሷን አስተካከልኩላት። በሳምንቱ ሞተች፣ አላህ ይዘንላት። ያጠቧት ሴቶች «አንተ ጋ ይቀመጥ ብላለች» ብለው የትራሱን ልብስ አጥፈው ሰጡኝ።

እናቴ በእርግጥ እጇ እንደቆረጠው አምናበት ይሁን፣ ወይስ እህቴ እንዳለችው አንዷን ልጇን መሸፈኗ ይሁን፣ ወይስ ሁለታችንንም አይታ ኖሯል፣ አላውቅም። የማውቀው አንድ ክር እታለም በፍቅር ቆረጠች፣ አንድ ክር እኔ በቅናት ቆረጥኩ፣ ሁለቱንም እናታችን በራሷ ላይ ወሰደች። እታለም የራሷን ተናግራ ሄደች።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ልታገባ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ጥልፍ የሚሠራ ሱቅ ተከፍቷል፣ ይዛኝ ሄደች። አንድ ወጣት ስልክ እየነካካ ተቀምጧል፣ ማሽኑ ብቻውን ይሠራል፣ ፊደሉን ከኮምፒውተር እያየ። ያምራል፣ ሐሰት አልናገርም፣ እናቴ በሦስት ቀን የምትሠራውን አንድ ሻይ ሳይጠጣ ይጨርሰዋል። እኔም ወጣቱን «ልጄ፣ ሲያልቅ ክሩን አንድ ስንዝር ተውልኝ፣ እንዳትቆርጠው» አልኩት።

«አባባ፣ እኔ እኮ አይደለሁም የምቆርጠው፣ ማሽኑ ራሱ ነው።»

«እንዳይቆርጥ ንገረው።»

«ቢነገረውስ መች ይሰማል!» ብሎ ሳቀ፣ የልጅ ልጄም አብራው ሳቀች። ከዚያ ማሽኑ ቆመ፣ ጭጭ አለ፣ ክሩ ተቆርጦ ወደቀ። የሚደነግጥ አልነበረም። እሷም ጨርቁን በላስቲክ ይዛ ደስ ብሏት ወጣች፤ ትዳሯን አላህ ያሳምረው፣ በክር የሚመጣ ነገር የለም።

የእህቴን የትራስ ልብስ መስኮቴ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከአስር ሶላት በኋላ ፀሐይ በዚያ በኩል ስለምትመጣ ሁለቱ ዓይኖች ይበራሉ፣ ድምፁም የሚጀምረው ያኔ ነው። ድሮ ክር ሲቆረጥ የቆረጠው ሰው ይጠየቅ ነበር፣ የሚመልስም ሰው ነበር፤ አሁን ማሽኑ ይቆርጣል፣ የሚጠይቅም የሚመልስም የለም፣ ሰዉም እንቅልፉን ይተኛል። ምናልባት ይኼኛው ይሻል ይሆናል። እናቴ ግን ያላደረገችውን በሰው ሁሉ ፊት «እጄ ነው» ለማለት አንድ ትንፋሽ ነው የፈጀባት። እኔ ያደረግሁትን ለማለት መስማት የሚገባቸው ሁሉ ሞተው እስኪያልቁ ጠበቅሁ። የታችኛዋ የኔ ነች። እጄ ነው።